የነፋስ ስልክ ሚዛን

በ1927 ዓ.ም. ክረምት ከኤረር በር ወደ ውስጥ በምትገባው ጠባብ መንገድ ያለፈ ሰው ቀና ካለ የጂን መሰላል ያይ ነበር። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ከሀብተወልድ ጣሪያ ተነሥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ እስከ ጎረቤቱ እስከ ዐብዱኑር ጣሪያ ድረስ ሽቦ ተወጥሯል፤ ከመካከሉ ደግሞ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ወርደው በሀብተወልድ መስኮት ይገባሉ። ሁለቱ እንዳይነካኩ በየመሐላቸው የወይራ ስንጥር ስለገባ በእርግጥም መሰላል ይመስላል። ከሥጋ ተራ የሚመለሱት ጭልፊቶች ማረፊያ አደረጉት። የዐብዱኑር ሚስት ነሲማም፣ ጭልፊቶቹ ባሰጣችው በርበሬ ላይ የሚጥሉትን እየለቀመች የሀብተወልድን ዘር ማንዘር ታነሣለች።

ሀብተወልድ የስልክ ሽቦ ጠባቂ ነው። አባቱ ከሸዋ ጦር ጋር መጥቶ ሐረር የቀረ ወታደር ነበር፤ ልጁ ግን በጠመንጃ ፈንታ መሰላልና ጉጠት ተሸክሞ አረጀ። ዝናብ ምሰሶ ሲጥል፣ ከብት ሽቦ ሲበጥስ የሚጠራው እሱ ነው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ደግሞ አንድ ቀን የተናገረ እንደሆነ ሀገር ይሰማዋል። ገበያ መሐል ቆሞ ለዐብዱኑር፣ "ሚዛኔ እንቢ አለኝ፤ አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጣል" ሲለው የቡና ነጋዴዎች ጆሯቸውን አቆሙ። በማግሥቱ የገበያው ሹም አሽከሮቹን አስከትሎ፣ መመዘኛ ድንጋዩን አሸክሞ ከደጁ ቆመ።

"ሚዛንህን አውጣ" አለው።

ሀብተወልድ አወጣ። የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ በሸምበቆ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ቅጠል አንዱ በሌላው መሐል የሚገቡና የሚወጡ የናስ ዝርጎች፣ ከፊቱም የሚዘወር የእንጨት እጀታ አለው። ሹሙ ዞሮ ዞሮ አየው።

"ምን ትመዝንበታለህ?"

"ጩኸት" አለ ሀብተወልድ።

ሹሙ አሽከሮቹን አየ፤ አሽከሮቹ መሬት መሬት አዩ። ለጩኸት የተቆረጠ ድንጋይ ስለሌለ መመዘኛውን እንዳሸከመ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰፈሩ ሀብተወልድን እንደ ታማሚ ይመለከተው ጀመር። "ልጁ ናፍቆት ነው፣ ምን ያድርግ" ይላሉ። ወሬኛም አንዳንዴ ስቶ እውነት ይናገራል፤ በዚህ አልተሳሳቱም።

ሀብተወልድና ሚስቱ ለተማርያም ከወለዷቸው ልጆች የኅዳር በሽታ ያተረፈላቸው ዘውዴን ብቻ ነው። ይህ ልጅ ሕፃን ሳለ የቀኝ እጁ ጣት በኤረር በር መዝጊያ ተቀርጥፎ ደርቆ ቀረ። አዲስ አበባ ሄዶ የነፋስ ስልክ ተማረ፤ ያለ ሽቦ በአየር የሚላከውን ቴሌግራፍ ያን ጊዜ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ ፊደሉን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚልክበትን መምቻ ይዞ ከእናቱ ጓዳ ደጃፍ ተቀምጦ ይለማመዳል። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ጣቱ ስለማይታጠፍ ከረጅሙ ቀጥሎ የሚመጣውን አጭር ጥቂት ያዘገየዋል። አባትና እናት ፊደሉን አይለዩም፤ ያቺን መዘግየት ግን ከነነፍሷ ያውቋታል። ለተማርያም ጥጥ እየፈተለች ትሰማውና "የልጄ እጅ ያነክሳል" ትላለች።

ኋላ ዘውዴ ኦጋዴን ውስጥ ካለ አንድ ምሽግ ተመደበ። ሲሄድ አባቱን ጉልበቱን ስሞ፣ "ደብዳቤ አይጠብቁ፣ አባዬ" አለው። "ከዚያ ሀገር ደብዳቤ በግመል ነው የሚመጣው። እኛ ግን በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐረርን እንጠራለን። መስማት ከቻሉ፣ እጄን ሲሰሙ አለሁ ማለት ነው።"

መስማት ከቻሉ። ቀላል ነገር ይመስላል።

መስሚያውስ ተገኝቶ ነበር። ከኤረር በር ውጭ ያለውን የእህል ወፍጮ ሞተር የሚጠግን ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር፤ ለጨዋታ ብሎ በገዛ እጁ ራዲዮ የሚሠራ፣ በማያውቀው ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር በምልክት ሰላምታ ሲለዋወጥ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነው። ሽቦ ሲያስወጥር ሀብተወልድን ይጠራው ስለነበር ተለማመዱ። የጦርነት ወሬ ሲበረታ ሙሴ ያኒ ዕቃውን ሸክፎ በድሬዳዋ ባቡር ሄደ፤ አንዱን መቀበያ ከነጆሮ ማዳመጫው ለሀብተወልድ ትቶለት። ባትሪው ሲደክም እዚያው ወፍጮ ቤት ተወስዶ ይሞላል።

ችግሩም እዚያው ወፍጮ ቤት ነው። ዘውዴ በሚጠራበት ሰዓት ወፍጮው ይሠራል፤ የሞተሩ የኤሌክትሪክ እሳት በአየር የሚረጨው ጩኸት በሽቦው ገብቶ ማዳመጫውን ሞልቶ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሙሴ ያኒ መድኃኒቱን ነግሮታል፤ ሠርቶ ሳያሳየው ባቡሩ ቀደመ እንጂ። "አንቴናህን በሁለት ሽቦ አውርደው። ወፍጮው ሁለቱን ሽቦ እኩል ይመታል። ከሽቦዎቹና ከራዲዮው መካከል የምታስገባው ሣጥን ሁለት ወገኑ እኩል ከሆነ፣ የወፍጮው ጩኸት እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀራል። ከሩቅ የመጣው ብቻ ይገባል። ሚዛን በለው።"

ሀብተወልድም ሚዛን አለው። ሠርቶም ሊጨርሰው ተነሣ።

ስንጥሮቹና ሸምበቆው ጤዛ እንዳይጠጡ በሰም መቀቀል ነበረባቸው። ሰም ያለው ለተማርያም ዘንድ ነው፤ ለመድኃኔ ዓለም ጧፍ የምትሠራበት። ስትሰጠው ፊቷ አልተፈታም፤ "የታቦቱን ሰም ለሽቦ" ብላ ነው የሰጠችው። ናሱን የቀጠቀጠው ዐብዱኑር ነው። ዐብዱኑር የብር አንጥረኛ ነው፤ የሙሽራ አምባር የሚሠራበትን መዶሻ ይዞ፣ ከእናቱ የቀረ የናስ ትሪ ቆርጦ፣ ወረቀት እስኪመስል አሳሳው። እጁ ሲሠራ አፉም አያርፍም።

"ሀብተወልድ፣ የእናንተ ተረት 'ከመጠምጠም መማር ይቅደም' አይልም እንዴ?" አለ የራሱን ጥምጥም በጣቱ እየነካ። "አንተ ሳትማር ልትጠመጥም ነው።"

"አንተስ ተምረህ ነው?"

"እኔማ ራሴ ላይ ነው የምጠመጥመው። ቢጣመም የሚያፍረው ነሲማ ናት።"

ፊት ለፊት ተቀምጠው ሸምበቆውን ከመካከላቸው አድርገው፣ ግማሹን አንዱ ግማሹን ሌላው ጠመጠሙ። ዙሩ እኩል፣ ሽቦው እኩል፣ ጥብቀቱ እኩል። ሀብተወልድ በጣቱ ዳስሶ ልዩነት አላገኘም። ሣጥኑን ገጥሞ ሽቦዎቹን አገናኝቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ግን ወፍጮው ከበፊቱ ብሶ አጓራበት። ከሩቅ ይመጣ የነበረው ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። ልጁን አጥፍቶ ወፍጮውን የሚያስቀር ሚዛን ሆነ።

ያን ክረምት እንዲሁ ባጀ። ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ናሱን ያስወጣል፣ ያስገባል። በገበያ ያማረረውና የገበያው ሹም ደጁ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። እንጀራው ይቀርብለታል፤ ሳይነካ ይነሣል። ጦርነቱ እንደማይቀር ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ሀብተወልድ ግን ልጁ ይኑር አይኑር አያውቅም።

አንድ ቀን ለተማርያም እንዝርቷን እንደያዘች ከአጠገቡ ቆመች። የተፈታውን ሸምበቆ አነሣችና ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ይኼን ግማሽ ማን ጠመጠመው?"

"እኔ።"

"ይኼኛውንስ?"

"ዐብዱኑር።"

"አንተ ከግራ ጀመርክ፤ እሱ ከቀኝ ጀመረ። አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የተፈተለ ክር አብሮ ቢገመድ ይፈታል እንጂ ይጠብቃል?"

ሀብተወልድ ሸምበቆውን ተቀብሎ አየ። እውነቷን ነው። እሱ ዳዊት እንደሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ ዐብዱኑር ደግሞ ቁርኣን እንደሚቀራው ከቀኝ ወደ ግራ። አንዱ የሚያመጣውን አንዱ ያፈርሰዋል። ዐብዱኑር ተጠርቶ ሲነገረው ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ።

"ወላሂ ሁለታችንም ልክ ነን" አለ። "አንድ ሸምበቆ ላይ መገናኘታችን ነው ጥፋቱ።"

የዐብዱኑር ወገን ተፈትቶ እንደገና ተጠመጠመ። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሀብተወልድ እጀታውን ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ወፍጮው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። በባዶው ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት ቀረ። አጭር፣ ረጅም፣ ጥቂት ቆይቶ አጭር። ማዳመጫው ሁለት ጆሮ ስለነበረው ማያያዣውን ሰብሮ አንዱን ለሚስቱ ሰጣት። ለተማርያም ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች።

"ያነክሳል" አለች። ሌላ ቃል ሳይወጣት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ ወዲያ ለሁለቱ የቀኑ ቁም ነገር ያ ሰዓት ሆነ። እሱ ከሽቦ ሥራው ተሯሩጦ ይመጣል፤ እሷ እንዝርቷን ታስቀምጣለች፤ አንዳንድ ጆሮ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚባለው ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ስለ ጥይት ይሁን ስለ ውኃ። እጁ አነከሰ ወይ፣ አነከሰ። እንግዲያስ ነገ እስኪደርስ አለ። ነሲማ እንኳ ስለ በርበሬው መሳደቧን ተወች፤ ለተማርያምን ከደጃፏ ጠርታ "ዛሬስ መጣ?" ትላታለች፤ "መጣ" ስትባል "አልሐምዱሊላህ" ብላ ትገባለች።

በመስከረም ወር 1928 ክተት ታወጀ። በጥቅምት አውሮፕላን ኦጋዴንን እየደበደበ ነው የሚል ወሬ ሐረር ገባ። ጥቂት ቀን ማዳመጫው ባዶ ሆነ። ለተማርያም እህል አልቀመሰችም። ከዚያ በአንዱ ቀን፣ እሷ ጧፍ ልታስረክብ መድኃኔ ዓለም ሄዳ ሳለ፣ ሀብተወልድ ብቻውን ተቀምጦ ፉጨቱ መጣ።

አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ቶሎ ቶሎ፣ የተጣደፈ። አላነከሰም።

እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አንድ ጊዜ እንኳ ያነክስ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። ሲያበቃ ማዳመጫውን አስቀምጦ ስልክ ቤት ሄደ። እዚያ ያሉት ደስ ብሏቸው ነበር። "ምሽጉ ደኅና ነው፣ ጋሼ ሀብተወልድ። መልእክቱ እየገባ ነው" አሉት። ሀብተወልድ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። በሀገሩ ሁሉ የልጁን ሞት የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በዐይኑ አላየ፣ ማንም አልነገረው።

መርዶ ሕግ አለው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለሽማግሌ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፤ ሌሊቱን ያሳድሩትና ጎሕ ሲቀድ፣ እናት እሳቷን ሳታነድ፣ ተሰብስበው ከደጅ ይቆማሉ። ባል ለሚስቱ መርዶ ነጋሪ አይሆንም፤ እሱም አብሮ መርዶ የሚነገረው ሰው ነው። ሀብተወልድ ሽማግሌ ፍለጋ ወደ መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ሄደ፤ የነፍስ አባቱ ናቸው።

"ማን አየው? ማን ቀበረው?" አሉት መምሬ።

"ማንም፣ አባ። እጁ ተለወጠ።"

"ልጄ፣ እኔ በሽቦ ምስክርነት ፍትሐት አልፈታም። ያየ ሰው ይምጣ።"

ዐብዱኑርም ሲሰማ "ኢናሊላሂ" ብሎ ለሞተ ሰው የሚባለውን ጀመረና መሐል ላይ ተወው። የያዘውን አምባር አስቀመጠ። "ታሞ ሌላ ሰው ተክቶት ይሆናል። ሰው አይቻለሁ ሳይል ሞተ አይባልም፣ ሀብተወልድ። እናቲቱን አትንገራት። እኔም ለነሲማ አልነግርም" አለው። ሀብተወልድ ምናልባት የሚለውን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቃሉ እስከ ደጁ እንኳ አላደረሰውም። የዘውዴ ጠባይ ይታወቃል፤ ትኩሳት ቢይዘው ተኝቶ ይመታል እንጂ መምቻውን ለሰው አይሰጥም።

ሆድ ይፍጀው አለ። ሆዱ ግን ለብቻው አይበቃም፤ በየቀኑ ያ ሰዓት ይመጣል፣ ለተማርያምም ጆሮዋን ትዘረጋለች። ስለዚህ ሀብተወልድ ያን ሁሉ ክረምት ሲለፋ የኖረበትን ነገር በገዛ እጁ አጠፋው። ከመቀመጧ በፊት እጀታውን ጥቂት ያጣምመዋል። ሚዛኑ ያዘነብላል፤ ወፍጮው እያጓራ ይገባል። ከጩኸቱ ሥር ፉጨቱ እንዳለ ብቻ ይታወቃል፤ ማንከሱና አለማንከሱ አይለይም።

"ዛሬም ወፍጮው በዛበት" ትላለች ለተማርያም።

"ጤዛ ነክቶት ነው። አስተካክለዋለሁ" ይላል፤ የሚያስተካክል መስሎም ይበልጥ ያጣምመዋል።

"ቢሆንም አለ" ትላለች። "ከሥር ይሰማኛል።"

ይህን በምትል ቁጥር ሀብተወልድ ይሞታል። ልጁን በሆዱ ቀብሮ፣ በጆሮው ወፍጮ እየፈጨ፣ ከሚስቱ ጎን ይቀመጣል። አልቅሶ አያውቅም፤ ሽቦ ጥገና ሲወጣ፣ ከምሰሶ ላይ ሆኖ፣ ከታች ሰው አለመኖሩን አይቶ እንኳ አላለቀሰም። እንባውም መርዶ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ የተበጠሰ ሽቦ ሲቀጥል ቆይቶ ወደ ኤረር በር ሲመለስ አንድ ነገር ጎደለበት። ቆሞ አዳመጠ። ወፍጮው አይሰማም። በሩ ላይ የተቀመጠውን ዘበኛ ጠየቀው።

"ቤንዚኑን ለጦር ካሚዮን ወሰዱት" አለ ዘበኛው። "ከእንግዲህ በእጅ መፍጨት ነው።"

ሀብተወልድ መሰላሉን እዚያው ጥሎ ሮጠ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ዳገት። የሚያጣምመው ነገር እንደሌለ እየሮጠ ገባው፤ ጩኸት ከሌለ ሚዛኑ ቢያዘነብልም ባያዘነብልም አንድ ነው።

ለተማርያም ሁለቱንም ጆሮ ይዛ ተቀምጣለች። እንዝርቷ ከመሬት ወድቋል። ቀና ብላ አላየችውም። ሀብተወልድ ደጃፉን ይዞ እያለከለከ እሪታዋን ጠበቀ።

"ይኼ ልጅ አያነክስም" አለች።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥቅምት።"

እጀታውን አየችው። "ሚዛኑን ያጣመምከው አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ" አለ ሀብተወልድ። ይህን ብሎ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ከጥቅምት ጀምሮ የታቆረው እንባ ያን ጊዜ ነው የወጣው። ለተማርያም ግን አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ መልሳ ለበሰችው፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ማንም አላረዳትም። ከደጅ የቆመ ሽማግሌ የለም።

ሀብተወልድ ተነሥቶ የመቀበያውን ሽቦ ሊነቅል እጁን ሰደደ። እጁን ያዘችው።

"ተወው።"

"ምን ልትሰሚ ነው፣ ለተማርያም? ባትሪውም ቢሆን አይቆይም። የሚሞላበት ወፍጮ ቆሟል።"

"እስኪያልቅ" አለች። "የዚህም ልጅ እናት አለችው። የት እንዳለች እንጃ፤ ሚዛን የላትም። አንድ ሰው ይስማለት።"

ሀብተወልድ እጁን ከእጇ አወጣ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ዞሮ እጀታውን ወደ ቀድሞው ቦታው መለሰው። ጩኸት ስለሌለ ለውጥ አላመጣም፤ ቢሆንም አቀናው። ለተማርያም አንዱን ጆሮ ሰጠችውና ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሩቁ ልጅ ቸኩሎ ይመታል፤ መሐል ላይ ተሳሳተና ቆሞ ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ገና ልጅ ነው" አለች ለተማርያም።